ኦሪጅናል ነው ወይስ ከመጽሐፍ የወጣ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ተረት መጻሕፍት ሥዕል መሰብሰብ ከጀመርኩ ገና ነው። አንድ ሻጭ «የአርተር ራክሃም ኦሪጅናል የውሃ ቀለም ነው» ብሎ ሥዕል አሳየኝ። (ራክሃም በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተረት መጻሕፍትን ሥዕል ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው።) ጠማማ ዛፍ፣ ሥሩ ላይ የተቀመጠች ልጅ፣ ጥግ ላይ ፊርማ። ልቤ ሄዷል። ግን ሰውዬው ከፍሬም አላወጣም ይላል። በምን ልለየው?

ብሩሽ፦ ፊርማውን እርሺው። ሥዕሉ ላይ የፈረመው ፊርማ ሥዕሉ ሲታተም አብሮ ይታተማል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ያዢ። የዚያ ዘመን የቀለም ህትመት ሲጠጉት የቢጫ፣ የቀይና የሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። በእጅ የተሳለ ከሆነ ቀለሙ የወረቀቱ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ፣ ጠርዙ ላይ ጠቆር ብሎ ደርቆ ታዪዋለሽ። ከሥር የእርሳስ መስመር ካለ ደስ ይበልሽ። አንድ ነገር ግን፦ ነጠብጣብ የሌላቸው የህትመት ዓይነቶችም አሉ። ስለዚህ ነጠብጣብ አጣሁ ብለሽ ብር እንዳትቆጥሪ።

ጋሽ መደርደሪያ፦ ልጄ፣ መጠኑንም ለኪው። ራክሃም በ1909 እ.ኤ.አ. የወጣው የግሪም ወንድማማቾች ተረት ላይ 40 ባለቀለም ሥዕሎች አሉት። በዚያ ዘመን በብዙ የስጦታ መጻሕፍት ባለቀለሙ ሥዕል ለብቻው ለስላሳ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ወፍራም ገጽ ላይ በጠርዙ ይለጠፍ ነበር። በቀላሉ ይላቀቃል። እየላቀቁ ፍሬም አስገብተው የሚሸጡ ሞልተዋል (መጽሐፉ ያሳዝነኛል)። የሥዕሉ ልክ ከመጽሐፉ ጋር እኩል ከሆነ ጠርጥሪ፤ ኦሪጅናሉ አብዛኛውን ጊዜ ከህትመቱ ይበልጣል።

ቀለም ጠብ፦ ጋሼ እንዳሉት ነው፣ አንድ ልጨምር። ራክሃም በጥቁር መስመር ብቻ የታተሙ አንዳንድ ሥዕሎቹን በኋላ ቀለም ቀብቶ ይሸጥ ነበር። እና «መጽሐፉ ላይ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ይሄ ባለቀለም ነው» ብለሽ ፎርጅድ ነው አትበዪ።

ብሩሽ፦ ይሄ እኔንም አንዴ ሸውዶኛል። ጥሩ ሥዕል ትቼ ሄድኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጀማሪዋ፦ እሺ፣ ከፍሬም አላወጣም ካለኝስ?

ቀለም ጠብ፦ ተይው። ወይ በራሱ እጅ ያውጣው፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ እይ። ጀርባውን ሳታዪ አትክፈዪ። የጋለሪ ወረቀት፣ የአታሚ ማስታወሻ፣ የድሮ ባለቤት ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። ከገዛሽ ደግሞ ፀሐይ አታሳዪው፤ የውሃ ቀለም ይለቃል። ሙዚየሞች ወደ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ማለትም ደብዘዝ ያለ ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጡት። መስታወቱም ወረቀቱን አይንካ፤ በመሃል አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ።

ጀማሪዋ፦ ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። ማጉያውን ሳወጣ ሰውዬው ሳል ያዘው። የልጅቷ ጉንጭ በሙሉ ነጠብጣብ ነው! ጋሼ፣ በሕትመት ዋጋ ብገዛው ይቆጡኛል?

ጋሽ መደርደሪያ፦ አልቆጣም። ግን መጽሐፉ የት እንዳለ ጠይቂው።