የአባቴ ዲዲ 214 ላይ ሜዳሊያዎቹ የሉም፣ ከየት ልጀምር?

የሾፌሩ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ የአሜሪካ አርሚ ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 2001 ገብቶ ጃንዋሪ 2005 በክብር ተሰናበተ። ከኤፕሪል 2003 እስከ ኤፕሪል 2004 ኢራቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት የቬተራን (የቀድሞ ወታደር) የመኪና ታርጋ ላወጣለት ብዬ የስንብት ወረቀቱን፣ ዲዲ 214ቱን ማለቴ ነው፣ ሳገላብጥ ቁጥር 13 ላይ ዓይኔ አረፈ። ሜዳሊያዎች የሚጻፉበት ቦታ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አለ፦ ናሽናል ዲፌንስ ሰርቪስ ሜዳል እና አርሚ ሰርቪስ ሪበን። ኢራቅ አንድ ዓመት መክረሙን የሚናገር ምንም የለም። ጉድ ኮንዳክት የሚባለው የመልካም ሥነ ምግባር ሜዳሊያም የለም።

ኮንቮያቸው መንገድ ላይ ፈንጂ እንዳገኘው፣ ከፊቱ ይሄድ የነበረው መኪና እንደተቃጠለ እማዬ ነግራኛለች። እሱ አያወራም። ወረቀቱን ለምን እንዳላየው ስጠይቀው «ወደ ቤት ለመምጣት ቸኩዬ ነበር፣ ፈርሜ ወጣሁ» አለኝ። እናስተካክለው ስለው ደግሞ «ተይው ልጄ፣ ስንቱ ሳይመለስ ቀርቶ እኔ ሜዳሊያ ልለምን?» አለ። እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አሁን ይቻላል?

ጡረተኛው ሳጅን፦
ይቻላል የኔ ልጅ። እኔ አርሚ ውስጥ አብዛኛውን ዘመኔን የሠራሁት የሰው ኃይል ቢሮ ነው፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ። ዲዲ 214 የሚያዘጋጀው ሰው ከፊቱ ያለውን ፋይል ነው የሚገለብጠው። ኦርደሩ፣ ማለትም ሜዳሊያው የተሰጠበት የትእዛዝ ወረቀት፣ ፋይሉ ውስጥ ካልገባ ወረቀቱ ላይ አይወጣም። አባትሽ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለይተሽ ያዢ። ተሰጥቶት ያልተጻፈ አለ፣ ይገባው ሆኖ ጭራሽ ያልተሰጠ አለ። መንገዳቸው አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ደብዳቤ ይልካል፣ ከዚያ መልሱ ይጠፋበታል።

ደግሞ ቀኖቹን እያቸው። ኢራቅ ካምፔይን ሜዳል የተፈቀደው ኖቬምበር 2004 ነው፣ አባትሽ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው። ከዚያ በፊት ኢራቅ ለነበሩት ይሰጥ የነበረው ግሎባል ዋር ኦን ቴረሪዝም ኤክስፒዲሽነሪ ሜዳል የሚባለው ነው። ለዚያው አገልግሎት ሁለቱ አንድ ላይ አይሰጡም፣ በማመልከቻ ግን የካምፔይኑን በምትኩ መውሰድ ይቻላል። ኮምባት አክሽን ባጅ ደግሞ፣ ውጊያ ለገጠመው ወታደር የሚሰጠው ምልክት፣ የመጣው ሜይ 2005 ነው፣ እሱ ከወጣ በኋላ። ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ከሴፕቴምበር 18፣ 2001 ጀምሮ ላለ ውጊያ ይሠራል። ስለዚህ ይሄኛው ወረቀቱ ላይ ሊኖር የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

መጀመሪያ የምታደርጊው ሙሉ ፋይሉን ማስወጣት ነው። ዲዲ 214ቱን ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን ፋይል። ፎርሙ ኤስኤፍ 180 ይባላል፣ ሴንት ሉዊስ ወዳለው ብሔራዊ የወታደር መዛግብት ማዕከል ነው የሚሄደው፣ በኢንተርኔትም ይጠየቃል። ነፃ ነው። ግን አባትሽ በሕይወት ስላለ መፈረም ያለበት እሱ ነው። ልጅ ነኝ ብለሽ ብትጠይቂ አይሰጡሽም፣ በጽሑፍ ፈቃድ ካልሰጠሽ በቀር።

የሾፌሩ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሴንት ሉዊስ ያለው ፋይል ተቃጥሏል ሲባል ሰምቼ ነበር፣ እሱ አያሰጋም?

ጡረተኛው ሳጅን፦
ቃጠሎው እውነት ነው፣ ጁላይ 12፣ 1973። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል ጠፍቷል። ግን የተጎዳው ከ1912 እስከ 1960 ከአርሚ የወጡት እና ከ1947 እስከ 1964 ከአየር ኃይል የወጡት የተወሰኑት ናቸው። አባትሽን አይነካውም።

መዓዛ፦
እህቴ፣ እኔ የባለቤቴን ጉድ ኮንዳክት አስጽፌያለሁ፣ ስለዚህ የእኔን ስህተት አትድገሚው። ፋይል ሳላወጣ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በቀጥታ የወታደር መዝገብ ስህተት ለሚያርመው ለማስተካከያ ቦርዱ ዲዲ 149 የሚባለውን የማመልከቻ ፎርም ሞልቼ ላክሁ። ተመለሰልኝ። ቦርዱ የመጨረሻው በር ነው፣ ከእሱ በፊት ያለውን መንገድ ጨርሰሽ እንድትመጪ ይፈልጋል። ወራት ባከነብኝ።

ሁለተኛ ጊዜ በትክክል ሄድኩበት። ጉድ ኮንዳክት ለሦስት ዓመት ተከታታይ ንጹሕ አገልግሎት ነው የሚሰጠው፣ አባትሽ ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩል አለው። የእኛ ፋይል ውስጥ ኦርደር አልነበረም፣ ማለትም አልተሰጠውም። ግን አዛዡ «አይገባውም» ብሎ የጻፈው ነገርም አልነበረም፣ ቅጣትም የለም። ቦርዱን ያሳመንኩት በዚህ ነው። የፋይሉን ገጾች ቁጥር ሰጥቼ «ይሄው፣ እንዳይሰጠው የሚከለክል አንድ መስመር የለም» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉ ስህተቱን ባወቃችሁ በሦስት ዓመት ውስጥ አመልክቱ ይላል። ካለፈ ግን ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ይችላል፣ ስለዚህ ፎርሙ ላይ ለምን እንደዘገያችሁ የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ እንዳትተዉት። ስህተቱን ያያችሁት ባለፈው ሳምንት ከሆነ ያንኑ ጻፉ። እውነቱ ይበቃል።

ዳዊት ከዳላስ፦
ይሄን ሁሉ ከምትለፊ የሚጨርሱልሽ ሰዎች አሉ፣ የተወሰነ ከፍለሽ ነው።

ጡረተኛው ሳጅን፦
ዳዊት ወንድሜ፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ፣ ግን ለዚህ አንድ ሳንቲም መክፈል አያስፈልጋትም። የቬተራን ማኅበራቱ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብልዩ፣ ዲኤቪ ሁሉም በነፃ ያግዛሉ። በየካውንቲው የቬተራን ጉዳይ የሚሠራ ሰው አለ፣ ደውላ ቀጠሮ ትያዝ። ኦሪጅናል ወረቀትም ለማንም አትስጪ ልጄ፣ ለመንግሥት እንኳን ኮፒ ነው የሚላከው።

የቀድሞ ሜዲክ፦
እኔ ስለ ባጁ ብቻ ልናገር፣ ምክንያቱም ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ኮምባት አክሽን ባጅ ለእግረኛ ወታደር አይደለም፣ እነሱ የራሳቸው አላቸው። እንደ አባትሽ ላለ ሾፌር የተሠራ ነው። መቁሰል ግዴታ አይደለም። ለቆሰለ የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት ሜዳሊያ ግን ቁስሉን እና የተደረገለትን ሕክምና የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሁለቱን እንዳታምታቺ። ለባጁ ጠላት እንዳጠቃው፣ እሱም በቦታው እንደነበረ፣ ፈንጂ ከሆነ ሊገድለው ወይም ሊያቆስለው በሚችል ርቀት ላይ እንደነበረ ማሳየት አለባችሁ። ማመልከቻው ፎርት ኖክስ፣ ኬንታኪ ላለው የአርሚ የሰው ኃይል ዕዝ ነው የሚሄደው።

ዋናው ነገር የዓይን ምስክር ነው፣ ሁለት ሰው አግኙ። እና ሲጽፉ «ጀግና ነበር፣ ጥሩ ልጅ ነበር» አይጻፍ። ያ ለማንም አይጠቅምም። መቼ ነው? የትኛው መንገድ ላይ? ስንተኛው መኪና? እሱ ከፈንጂው ስንት ሜትር ላይ ነበር? ምስክሩ ራሱ የት ሆኖ አየ? ይሄ ነው የሚፈለገው። ቀኑን በትክክል ካላስታወሱት «በረመዳን አካባቢ፣ ልንመለስ አምስት ወር ሲቀረን» ማለት ሳያውቁ ቀን ከመፍጠር ይሻላል። የተፈጠረ ቀን ከሌላ ወረቀት ጋር ሲጋጭ ሁሉንም ያበላሻል።

የደመወዝ ወረቀቶቹ ካሉ በጣም ይጠቅማሉ። ያኔ ለውጊያ ቀጠና በወር 225 ዶላር ይጨመር ነበር፣ በየትኛው ወር እዚያ እንደነበረ ከእሱ ይታያል።

እና አንድ ነገር፣ አባትሽ የማያወራ ከሆነ፣ ማታ እንቅልፍ ከነሳው፣ ለቪኤ፣ ለቬተራን ጉዳዮች መሥሪያ ቤቱ፣ የሚያቀርበውን ጥያቄ ይሄ እስኪያልቅ አታቆዩት። ባጁ ወረቀቱ ላይ ሲገባ ውጊያ ውስጥ መኖሩን ለማሳመን ይረዳል፣ ግን ያለሱም ማመልከት ይቻላል። እኔ ሜዳሊያ እየጠበቅሁ ብዙ ዓመት ያለ ሕክምና ኖሬአለሁ። አታስጠብቁት።

ሎዛ፦
እኔም በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የኔ አባት ኔቪ (ባሕር ኃይል) ነበር፣ አርፏል። እኔ ማመልከት እችላለሁ?

ጡረተኛው ሳጅን፦
ነፍሱን ይማር። አዎ፣ ከሞተ በኋላ ሌላ ያላገባች ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ፋይሉን መጠየቅ ይችላል፣ የሞት ምስክር ወረቀት ታያይዣለሽ። የኔቪና የማሪን ቦርድ ግን ከአርሚው የተለየ ነው፣ ፎርሙ ዲዲ 149 ራሱ ነው። ለየትኛው ቦርድ እንደምትልኪ እንዳትሳሳቺ።

የሾፌሩ ልጅ፦
ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ። አባዬ ፈረመ! ያሳመነው የሜዲኩ መልስ ነው፣ ሙሉውን አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ከዚያ ተነስቶ ከቁም ሳጥን ላይ አንድ ካርቶን አወረደ። የደመወዝ ወረቀቶቹ ሙሉ የአንድ ዓመት አሉ። አንድ ፎቶም አለ፣ አምስት ሆነው መኪናው ፊት ቆመዋል፣ ከጀርባው ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፏል። አንዱን በፌስቡክ አገኘሁት። አባዬ ደውሎለት ሁለት ሰዓት አወሩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሰውየው ለካ እሱም ባጁን አላገኘም። አሁን አንዱ ለሌላው ምስክርነት እየጻፉ ነው። ጋሼ፣ ወረቀቱ ሲስተካከል አዲስ ዲዲ 214 ነው የሚሰጡት?

ጡረተኛው ሳጅን፦
እልል በይልኝ! አይ፣ አሮጌው እንዳለ ይቀመጥና ዲዲ 215 የሚባል የማስተካከያ ወረቀት ነው የሚወጣለት። ሁለቱን አብራችሁ ነው የምታስቀምጡት፣ ለታርጋም ለሌላም ሁለቱንም ታሳያላችሁ። ሜዳሊያዎቹን ራሳቸውንም ጠይቁ፣ ለቬተራኑ በነፃ ይልካሉ።

አንዱ ለሌላው መጻፋቸው ጥሩ ነው፣ ግን በእሱ ብቻ እንዳትልኩት። ሁለቱም ፈላጊ ስለሆኑ ሚዛኑ ይቀንሳል። ፎቶው ላይ ገና ሦስት ሰው አለ። የዚያን ቀን ኮንቮዩን ይመራ የነበረው ከመካከላቸው ካለ፣ ቀድማችሁ እሱን ፈልጉ።