የጢያ ትክል ድንጋዮች እውነት የግራኝ ናቸው?

የሶዶ ልጅ፦
ሰላም ጤና ይስጥልን። እሁድ ዕለት ጢያ ሄጄ ነበር። አያቴ «የግራኝ ድንጋይ» ነው የምትላቸው፣ ግራኝ አህመድ ሲያልፍ የተከላቸው። አስጎብኚያችን ደግሞ መቃብር ነው አለን። የተቀረጹትን ጎራዴዎች እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ግን ስም የለ፣ ጽሑፍ የለ፤ ከስሩ ያለው አጥንት ምን ሊነግረን ይችላል?

ቁፋሮ ወዳዱ፦
ብዙ ነገር! 36 ድንጋዮች ናቸው፣ 32ቱ ቅርጽ አላቸው፣ ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሲቆፍሩ ያገኟቸው መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ ናቸው። ግራኝ የ16ኛው ሰው ነው። እሱ ሲመጣ ድንጋዮቹ ቆመው ነበር ማለት ነው። ሟቾቹ አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆኑ ወጣቶች ሲሆኑ፣ እንደ ፅንስ እጥፍ ብለው ነው የተቀበሩት። አስተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ድንጋይ ጠርቦ ማቆም የስንት ሰው ጉልበት እንደሚጠይቅ አስቡት። ጎራዴው የገደሉት ጠላት ቁጥር ነው ይባላል፤ እኔ ግን አልቸኩልም፣ የምልክቶቹ ፍቺ ገና አልተቋጨም።

ጥርስ ሐኪሟ፦
ከሙያዬ ልጨምር። ልጅ ጥርሱ እየተሠራ ሳለ ክፉኛ ከተራበ ወይም ከታመመ፣ ኢናሜል የምንለው የላይኛው ሽፋን ማደጉን ያቋርጣል፤ አግድም መስመር ይቀራል። ያ መስመር አይጠፋም። በስንት ዓመቱ እንደተራበ ከመስመሩ ቦታ መገመት ይቻላል። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ እህል የሚበላ ሰው ደግሞ ከዱቄቱ ጋር ብናኝ ድንጋይ ስለሚያኝክ ጥርሱ ያልቃል። ዜና መዋዕል የንጉሥን ዘመቻ ይጽፋል እንጂ የገበሬ ልጅ መራቡን ማን ጻፈልን?

ቁፋሮ ወዳዱ፦
ትክክል። ለዚህ ነው በየገጠሩ በማረሻ የወጣ ድንጋይ ለቤት መሠረት ሲወሰድ ሆዴ የሚቃጠለው። እባካችሁ አታንሱት! ከቦታው ከተነሳ የማን ራስጌ እንደነበር መቼም አይታወቅም።

የሶዶ ልጅ፦
አያቴ ጋ ደውዬ ነገርኳት። ስለ ግራኝ አልተከራከረችኝም፤ «እነዚያ ልጆች ምን ነካቸው?» ብቻ ነው ያለችኝ።

ጥርስ ሐኪሟ፦
እሷስ እውነቷን ነው። ስለት አጥንት ከነካ ምልክቱ ይቆያል። ወረርሽኝ ግን ቶሎ ስለሚገድል አጥንት ላይ የሚታይ ነገር ሳይተው ይሄዳል። ስለዚህ አጥንቱ ንጹህ ቢሆንም በሰላም ሞቱ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ንገራት።