ክርክር፦ ጥይት በሚጮኽበት ቀበሌ ምርጫ ይካሄድ?

አወያይ (ባሕር ዳር)፦ ጥያቄው አጭር ነው። ግጭት ባልበረደበት አካባቢ ምርጫ በጊዜው ይካሄድ ወይስ ሰላም እስኪሰፍን ይቆይ? ስድብ የጻፈ ይወጣል።

የሕግ ባለሙያው፦ ይካሄድ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 የተወካዮች ምክር ቤትን ዘመን 5 ዓመት ካደረገ በኋላ፣ አዲሱ ምርጫ ዘመኑ ከማብቃቱ 1 ወር አስቀድሞ እንዲጠናቀቅ ያዛል። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የሆነውን አስታውሱ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን መራዘሙን አጸደቀ፤ ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱም ምርጫው እንዳልተካሄደ ይቆጠራል ብሎ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ጦርነቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው አልልም። የሥልጣን ዘመን ሲያከራክር ግን አገር በምን ላይ እንደሚቆም አይተናል።

እህል ነጋዴዋ፦ ወንድሜ፣ አንተ አንቀጽ ትቆጥራለህ፣ እኔ ኬላ። መንገድ ሲዘጋ ጤፍ የጫነ መኪና ከጎጃም ገበያዎች ባሕር ዳር ሳይደርስ ስንት ቀን እንደሚቆም እኔን ጠይቀኝ። ኮሮጆ የጫነው በምን ተአምር ያልፋል? በወታደር ታጅቦ ካለፈ ደግሞ የገበሬው ዓይን የሚያርፈው አጃቢው ላይ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦ እህቴ፣ መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ለተፈናቃዮች ልዩ ምርጫ ጣቢያ ማቋቋም በእኛም ሕግ አለ። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 በቦኮ ሐራም ምክንያት ምርጫዋን በ6 ሳምንት ብቻ ገፍታ፣ ከቦርኖ የተፈናቀሉትን በመጠለያ ሆነው እንዲመርጡ አደረገች።

የቀድሞ አስመራጭ፦ በ2013 ምርጫ ጣቢያ ላይ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ከወረቀቱ ወደ ወንበሩ ልመልሳችሁ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ድምፅ መስጫው ቀን ነው። እሱ የሥራው ጭራ ነው! ከዚያ በፊት የመራጮች መዝገብ ለሳምንታት ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ማታ የሚገባው እዚያው ቀበሌ ወዳለው ቤቱ ነው። ለምርጫው ቀን ጥበቃ ይመደባል እንበል፤ በምዝገባው ሳምንታት ሌሊት ማን ይጠብቀዋል? ጣና ላይ ወዳለው ደቅ ደሴት ጀልባ ይነሣል፤ ውሃው አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጀልባው ከወደብ እንዲወጣ ማን ፈቀደ፣ ማዶ ሲደርስስ ማን ይቀበለዋል የሚለው ነው።

ሌላም አለ። ማንን እንደመረጥህ ምስጢር ነው፤ መምረጥህ ግን ምስጢር አይደለም። ካርዱ ኪስህ ውስጥ፣ ቀለሙ ጣትህ ላይ ነው። አንዱ ታጣቂ «ለምን መረጥህ?» ይልሃል፤ የቀበሌው ሹም «ለምን አልመረጥህም?» ይልሃል። ቀለሙ ሁለት ጊዜ እንዳትመርጥ ሲባል ቶሎ እንዳይለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። በሰላም ጊዜ ማጭበርበርን የሚከለክለው ነገር፣ በግጭት ጊዜ መራጩን ለይቶ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ተመራቂው፦ አስመራጩ ትክክል ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ «በሚቻልበት እናካሂድ» የሚለው ነው። በ2013 ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች የትግራይ 38ቱ ባዶ ቀርተው መንግሥት ተመሠረተ። የአማራ ክልል 138 ወንበር አለው፤ ከአገሪቱ ሩብ ገደማ ማለት ነው። የዚህ ግማሹ እንኳ ቢጎድል ምን ዓይነት ውክልና ነው? በዴሞክራቲክ ኮንጎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የቤኒና የቡቴምቦ ከተሞች ምርጫ በኢቦላና በታጣቂዎች ምክንያት ወደ መጋቢት ተገፋ፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት ግን በጥር ቃለ መሐላ ፈጸመ። የቤኒ ሰዎች ተናደው በራሳቸው ወረቀት ምሳሌያዊ ምርጫ አደረጉ። ማንም አልቆጠረላቸውም።

የዘጌው፦ ቅስቀሳውንስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አንድ ጊዜ ተራዝሞ 10 ወር ያህል ቆየ። አዋጁ ከተነሣም በኋላ ዕጩ ተወዳዳሪ ከከተማ ወጥቶ ሰው ሰብስቦ መናገር ካልቻለ፣ ገበሬው የሚመርጠው ማንን ነው?

የሕግ ባለሙያው፦ እሺ፣ ቢቆይስ? ታጣቂ ሁሉ ምርጫን በመሣሪያ ማስቀረት እንደሚቻል ይማራል። ሥልጣን ላይ ያለውም ግጭቱ ባያልቅ የሚከፋው አይመስለኝም። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚጠቅም ውሳኔ ያስፈራኛል።

የቀድሞ አስመራጭ፦ ይህን አልክድም፤ ከነገርኸው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። እኔ የምለው፣ ምርጫ ቦርዱ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን የምርጫ ክልል በሁለት ጥያቄ ይፈትን። መዝጋቢው ቤቱ ማደር ይችላል? የተቀናቃኝ ፓርቲዎች ወኪሎች ያለ አጀብ እስከ ጣቢያው ደርሰው ቆጠራውን ማየት ይችላሉ? አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ፣ ወንበሩ ባዶ መሆኑና መቼ እንደሚመረጥበት አስቀድሞ በይፋ ይነገር።

ተመራቂው፦ ለጥያቄዎቹ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? መንግሥት ከሆነ ሁሉም ጋ «አዎ» ነው።

የሕግ ባለሙያው፦ ቦርዱ ነው እንጂ። ደግሞም በምዝገባው ሳምንታት ሁለቱም ወገን ተኩስ እንዲያቆም የአገር ሽማግሌና የሃይማኖት አባት ይሸምግል።

እህል ነጋዴዋ፦ እንግዲያው ተኩስ የሚቆምበትን ቀን ንገሩኝ። ካርድ የማወጣው በማግስቱ ነው።