የዓመት የንባብ ዕቅድ በመጽሐፍ ብዛት ይለካ ወይስ አይለካ? (ክርክር)

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ የንባብ ማኅበራችን አባላት። ባለፈው የተነሳው ጉዳይ ሳይቋጭ ስለቀረ ዛሬ እዚሁ እንጨርሰው። የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ እያንዳንዱ አባል 24 መጽሐፍ ለማንበብ ቃል ይገባል። ማን ስንት እንዳነበበ በየወሩ መጨረሻ በስም ይለጠፋል። በዓመቱ ማብቂያ ብዙ ያነበቡ ሦስት አባላት ይሸለማሉ። ግማሾቻችን «ቁጥር ከሌለው ዕቅድ አይባልም» ብለናል፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ንባብ የሚቆጠር ነገር አይደለም» ብለናል። ሁሉም የሚያምንበትን ይጻፍ። ሰው መዝለፍ ክልክል ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)፦ ሐሳቡን ካመጡት አንዷ ስለሆንኩ እኔ ልጀምር። «ማንበብ እወዳለሁ» የማይል ሰው የለም። ጠጋ ብላችሁ «መጨረሻ ያነበብከው ምንድን ነው?» ስትሉት ግን የዛሬ ሦስት ዓመቱን ይነግራችኋል። ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ማታ ደግሞ ስልኩ አለ። ንባብ ቀጠሮ ካልተያዘለት ተራው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

እኔ አንድ ደብተር አለኝ። የጀመርኩበት ቀን፣ የጨረስኩበት ቀን፣ ርዕስና ደራሲ፣ የገጽ ብዛት፣ ከየት እንዳገኘሁት (ገዛሁ፣ ተዋስኩ፣ ተከራየሁ) እጽፍበታለሁ። ከሥር ሁለት መስመር እተዋለሁ፤ እዚያ ላይ የምጽፈው ካነበብኩት ውስጥ ለሰው መንገር የምፈልገውን ብቻ ነው። ሰኔና ሐምሌ ሁልጊዜ ባዶ ናቸው፤ በመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ የሚዘጋው ያኔ ነዋ። ይህን ያወቅሁት ደብተሩን ገልጬ ስላየሁ ነው። አሁን ትልልቆቹን መጻሕፍት ለጥቅምትና ለኅዳር አስቀምጣቸዋለሁ፤ ለሰኔ አጫጭር ልብ ወለዶች አዘጋጃለሁ። ደብተር ባልይዝ ኖሮ «ጊዜ የለኝም» እያልኩ እኖር ነበር። ቁጥሩ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መምህሩ (ደሴ)፦ እህቴ፣ ደብተርሽን አከብራለሁ፤ ባለ ሁለት መስመሩን በተለይ። እኔ የምቃወመው 24 የሚለውን ነው። እስቲ ሁለት መጽሐፍ ልጥራ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» መቶ ገጽ አይሞላም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከ500 ገጽ በላይ ነው። በእናንተ መዝገብ ሁለቱም «አንድ» ናቸው። ሁለቱንም በየዓመቱ ስለማስተምር ልዩነቱን አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ተማሪ በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል፣ ሁለተኛው ወር ይፈልጋል። ወሩን ለፍቅር እስከ መቃብር የሰጠ ልጅ በዝርዝራችሁ ላይ ከሥር ይቀመጣል፤ በዚያው ወር አራት ቀጫጭን መጽሐፍ ያገላበጠው ከላይ ይወጣል። ታዲያ ለቀጣዩ ወር ምን ይመርጣል?

ለመሆኑ መጽሐፍ የምንለውስ ስንት ገጽ ሲሆን ነው? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1964 ለአገሮች የኅትመት መረጃ አሰባሰብ ባወጣው ምክረ ሐሳብ ከሽፋኑ በስተቀር 49 ገጽና ከዚያ በላይ ያለውን መጽሐፍ፣ ከዚያ በታች ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ብሎ ለይቷል። ለኅትመት ቆጠራ ይህ በቂ ነው፤ የታተመውን ለመቁጠር የወጣ ነውና። የተነበበውን ለመመዘን ግን አልተሠራም።

ከለገሃር (መጽሐፍ ሻጭ)፦ የብዛት ዕቅድ ለኔ ገበያ ነው፤ ስለዚህ የምናገረው ለኪሴ ብዬ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። መምህር ያሉት እውነት ነው። ነሐሴ ላይ የሚመጡ ደንበኞች አሉ፤ ርዕስ አይጠይቁም፣ ደራሲ አይጠይቁም። መጽሐፉን በጎኑ ያዩታል። «ከዚህ ቀጠን ያለ የለህም?» ይላሉ። ያልደረሰባቸውን ቁጥር ጳጉሜን ሳትገባ ለመሙላት ነው። የግጥም መድበል ያን ሰሞን ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይሄድልኛል፤ ግጥም ደግሞ በጥድፊያ ከሚነበቡ ነገሮች የመጨረሻው መሆን ነበረበት። ያሳዝነኛል።

በሌላ በኩል የሚቆጥር ደንበኛ ይመለሳል። የማይቆጥረው አንድ ገዝቶ ዓመት ይጠፋል። ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ጥሩ አይሆንም።

ሹፌሩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ከባሕር ማዶ፣ ከአሜሪካ ልጠይቅ። እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ። ወረቀት የምይዘው እሑድ ብቻ ነው፤ የቀረውን በጆሮዬ ነው የማዳምጠው። ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቼዋለሁ። የጉዱ ካሳ ንግግር በሱ ድምፅ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። ይቆጠርልኛል ወይስ አይቆጠርልኝም?

መምህሩ (ደሴ)፦ ወንድሜ፣ ትልቅ ነገር ሰምተሃል። ግን መስማት መስማት ነው። አንባቢ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ሊመለስ ይችላል፤ ድምፅ ይዞህ ይሄዳል። የሐዲስ ዓለማየሁ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ መለስ ብለው ሲያዩዋቸው ነው የሚገለጡት።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ (ጎንደር)፦ መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የእኛ አገር ትምህርት በንባብ ብቻ አልቆመም፤ የቃል ትምህርት የሚባል አለ። ቅኔ ቤት የተማረ ሰው ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ነው የያዘው፤ «አላነበበም» ተብሎ የተናቀ የለም። ሹፌሩ የሰማውን ከያዘው ይቆጠርለት።

ስለ ቁጥሩም ልበል። መቁጠር ከውጭ የመጣ ነገር አስመስለን የምናወራው ለምንድን ነው? ዳዊት የሚደግም ሰው 150ውን መዝሙር በሳምንቱ ቀናት ከፋፍሎ ይዞ ነው የሚደግመው። የዛሬውን ድርሻ ሳያደርስ እህል የማይቀምስ ሽማግሌ በየመንደሩ ነበር፣ ዛሬም አለ። ይህ ዕቅድ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ልዩነቱ ግን ይኸውላችሁ፦ ዳዊት የሚደግም ሰው ጨርሶ ወደ ሌላ መጽሐፍ አያልፍም፤ ተመልሶ ያንኑ ይጀምራል። ንባብ ቤትም ስንማር የዮሐንስን መልእክት በሦስት የአነባበብ ስልት እንዘልቀዋለን፦ መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ፣ ያንኑ እንደገና በውርድ ንባብ፣ ያንኑ እንደገና በቁም ንባብ። መምህሩ «ስንት መጽሐፍ ጨረስክ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የት እንደደረስክ የሚያውቀው አስነብቦህ ነው። በእናንተ 24 ውስጥ ግን ደጋግሞ ማንበብ ቦታ የለውም። ያነበብኩትን ዘንድሮም ካነበብኩት ዜሮ ነው። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከደሴ ሌላዋ፦ በረመዳንም እንደዚያው ነው። ቁርኣን 30 ጁዝ (ክፍል) ስለሆነ በቀን አንድ እየተያዘ በወሩ ይኸተማል፣ ተነብቦ ያልቃል። ልጅ ሆነን እናታችን ስንት ጁዝ እንደደረስን ትጠይቀን ነበር፤ ወንድሜና እኔ ግን እንዳንሽቀዳደም ትከለክለን ነበር። ረጋ ተብሎ ካልተቀራ ምን ዋጋ አለው ትል ነበር። ስለዚህ እኔ ቁጥሩን አልጠላም። ሽቅድድሙን ነው የምጠላው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ (አዲስ አበባ)፦ እኔ ያነበብኩትን የምመዘግበው ጉድሪድስ በሚባለው የአንባቢዎች ድረ ገጽ ላይ ነው። ሁለት ችግር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የዓመት ግቡ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ ነው፤ እኛ መስከረም ላይ ዓመት ስንጀምር እሱ ሦስተኛ ሩብ ዓመቱን ሊጨርስ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት እዚያ የሉም፤ ካሉም አንዱ መጽሐፍ በሦስት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ያነበበ በአንድ ንክኪ ይቆጠርለታል፤ አማርኛ ያነበበ ሽፋኑን ፎቶ አንስቶ፣ የታተመበትን ዓመት ፈልጎ፣ ዓ.ም.ን ወደ እ.ኤ.አ. ቀይሮ ራሱ ማስገባት አለበት። ጓደኞቼ በዚህ ምክንያት የአማርኛውን መመዝገብ ትተዋል። በዓመቱ መጨረሻ የሚወጣላቸውን ዝርዝር ስታዩት አማርኛ የማያነቡ ይመስላሉ። ስቶሪግራፍ የሚባለው ሌላው የንባብ መመዝገቢያ ደግሞ በገጽና በሰዓትም ግብ ለመያዝ ይፈቅዳል፤ ለሹፌሩ ጥያቄ መልሱ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ከአንዱ የታሪክ መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ፣ ከሌላው አንድ ምዕራፍ የማነብበት ሳምንት አለ። ምንም አልጨረስኩም፤ ግን ከዚያ ሳምንት በላይ ያነበብኩበት ጊዜ የለም። የት ነው የማስገባው?

የሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)፦ ደብተር ላይ አስገባው ወንድሜ። በገጽ። እኔ ለዚህ ነው የገጽ ዓምድ ያለኝ።

እናት (ሐዋሳ)፦ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የኔ ጉዳይ ከእናንተ ማኅበር ሰፋ ይላል፤ ስለ ልጆች ነው።

ልጄ አምስተኛ ክፍል ነች። ትምህርት ቤቷ ዘንድሮ አንድ ወረቀት ሰጣት፤ ያነበበችውን መጽሐፍ ርዕስ ትጽፋለች፣ ወላጅ ይፈርማል፣ በወላጆች ቀን ብዙ ያነበበ ልጅ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ይጨበጨብለታል። ሐሳቡን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ከዚያ በፊት አንዲት የተረት መጽሐፍ ነበረቻት፤ ጠርዟ እስኪላላ ድረስ ደጋግማ ያነበበቻት፣ ለታናሽ ወንድሟ በድምፅ እየለዋወጠች የምታነብለት። ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ያቺን መጽሐፍ አልነካቻትም። ከጎረቤት እየተዋሰች ታመጣለች፣ ከፊቷ ታያለች፣ ከኋላዋ ታያለች፣ ርዕሱን ትጽፋለች። አንድ ማታ ለመፈረም እስክሪብቶውን ይዤ «ታሪኩ ምን ይላል?» አልኳት። «እማ፣ ይሄኛው ተጽፏል እኮ፣ ቶሎ ፈርሚልኝ፣ ሌላ አለኝ» አለችኝ። ለወንድሟም ማንበብ ትታለች፤ በድምፅ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል።

ልጅቷ አልሰነፈችም። የተጠየቀችውን ነው የሠራችው። የተጠየቀችው ርዕስ ነው፣ ርዕስ አመጣች።

መምህሩ (ደሴ)፦ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

የሒሳብ ሠራተኛዋ (አዳማ)፦ እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን ጥፋተኛው መቁጠሩ ነው ወይስ ጭብጨባው? ልጅሽ ያነበበችውን ለራሷ ብትጽፍ፣ ተረቷን አሥር ጊዜ ማንበቧ አሥር ጊዜ ቢጻፍላት፣ ለወንድሟ ያነበበችውም ቢገባላት ትጎዳ ነበር? ደብተሬን እኔ እንጂ ማንም አያየውም፤ ቁጥሩ ያልጎዳኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሰው እንደሚያየው ባውቅ ኖሮ ሻጩ ያለውን ቀጭን መጽሐፍ እኔም ነሐሴ ላይ ሳልፈልግ አልቀርም። ስለዚህ ካቀረብኩት ሐሳብ ውስጥ ሽልማቱንና የስም ዝርዝሩን ተዉት። 24ን ግን አትንኩብኝ። ሰው ዒላማ ያስፈልገዋል።

መምህሩ (ደሴ)፦ 24 ለምን? ለአንቺ ልክ ከሆነ ያዢው። ማታ ማታ የሚሠራ ጥበቃ ስድስት ቢያነብ ጀግና ነው። የዛሬ መጽሐፍ ዋጋ እንደሆነ አይቀመስም፤ በወር ሁለት ግዛ ማለት ለብዙ ሰው የማይሆን ነገር ነው።

ከለገሃር (መጽሐፍ ሻጭ)፦ ለዚህ እኔ መልስ አለኝ። ያገለገለ አለ፣ ኪራይም አለ። የጨረሳችሁትን መልሳችሁ ስታመጡ ልዩነቱን ከፍላችሁ ሌላ መጽሐፍ ትወስዳላችሁ። ድሮም ለገሃር እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሹፌሩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እኔ በሰዓት እይዛለሁ። መምህር እንዳሉት ይሁንና ሥሙን «ያደመጥኩት» ብዬ ለብቻው እጽፈዋለሁ፤ ቅር አይለኝም።

አስተባባሪ፦ እስካሁን የተባለውን ስመለከት ሽልማቱን የሚደግፍ ሰው አልቀረም፤ ወጥቷል። የስም ዝርዝሩም ይቅር። እያንዳንዱ የራሱን መለኪያ (መጽሐፍ፣ ገጽ፣ ሰዓት ወይም አንድን መጽሐፍ ደጋግሞ ማንበብ) መርጦ ለራሱ ይይዛል። 24 የሚለው ላይ አልተስማማንም፤ ቅዳሜ ድምፅ እንሰጥበታለን። ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ግን ከቁጥር ይልቅ አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ እንዲያወራ ሐሳብ አቀርባለሁ።

መምህሩ (ደሴ)፦ በዚህ ከሆነ አለሁበት። የ24ቱን ድምፅ ግን እቃወማለሁ፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ (ጎንደር)፦ የሚያወራው ሰው መጽሐፉን ገልጦ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብልን። ያኔ ማን እንዳነበበ እንሰማለን።

እናት (ሐዋሳ)፦ እናንተስ ተስማማችሁ። ትምህርት ቤቱ ግን መስከረም ላይ ያንኑ ወረቀት ለአዲስ ክፍል ሊሰጥ ነው። የወላጅ ኮሚቴው ነሐሴ መጨረሻ ይሰበሰባል። ወረቀቱ እንዳይቀር፣ ግን የርዕስ ብዛት መቁጠሩ ቀርቶ ለማን እንዳነበበችና የቱን ክፍል እንደወደደች የሚጠይቅ እንዲሆን ደብዳቤ ልጽፍ ነው። መምህር፣ ረቂቁን ቢያዩልኝ? ልጅ ያላችሁም በየትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ንገሩኝ፤ ብቻዬን ከምጮህ ብዙ ሆነን ብንጠይቅ ይሻላል።

መምህሩ (ደሴ)፦ ዛሬ ማታ ላኪልኝ።