የሕፃኗ የጭን አጥንት ራስ ራጁ ላይ የለም! ቶሎ እርዱኝ

ተረኛው፦ ወገኖች ቶሎ። የዳሌ ራጅ ይዤ ቆሜያለሁ። በሁለቱም በኩል የጭኑ አጥንት ራስ የለም! አንገቱ አለ፣ ከሱ በላይ ባዶ ነው። እናትየዋ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሲፈጠር የጎደለ ነው ልበላት?

ካስማ፦ ራጁን ድገመው።

ቀለሙ፦ ዕድሜዋስ?

የማታ ወፍ፦ ራስ የጠፋውስ ከተረኛው ነው።

ተረኛው፦ ይቅርታ፣ 3 ወር ከ1 ሳምንት። በመቀመጫዋ መጥታ ነው የተወለደችው። ግራ እግሯ እንደ ቀኙ አይከፈትም።

መምህሩ፦ ከአንድ መገጣጠሚያ አልፎ ማሰብ ያስፈልጋል። የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት የአጥንት ጫፎችን ያዘገያል። ጊዜዋን ጨርሳ ከተወለደች ጉልበቷንም እይ፤ የጭኑ አጥንት የታችኛው ጫፍ ላይ ያለው ፍሬ (ልም አጥንቱ ውስጥ መጀመሪያ ወደ አጥንት የሚለወጠው ነጥብ) አብዛኛውን ጊዜ ከውልደት ጀምሮ ይታያል። እሱም ከሌለ ታይሮይድ አስመርምር። አኮንድሮፕላዚያን፣ ማለትም በዘር የሚመጣውን የአጥንት ዕድገት ችግር፣ በተመለከተ ደግሞ...

ካስማ፦ እኔ ድገመው ነው የምለው።

ቀለሙ፦ መምህሩ፣ ሰውየው ተረኛ ነው እኮ። ተረኛው፣ ምንም አልጎደለም። ራሱ ገና ልም አጥንት ነው፤ ራጅ ደግሞ ልም አጥንት አያሳይም። ፍሬው ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከ4 እስከ 6 ወር ነው። በዚህ ዕድሜ ዳሌ የሚታየው በአልትራሳውንድ ነበር። የሚያሳስበኝ የማይከፈተው ግራ እግር ነው፤ የጭኑ ራስ ከዳሌው ጉድጓድ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ራጁን ካነሳህ አይቀር የሼንተንን ቅስት ተከተል፦ ከጭኑ አንገት የውስጥ ጠርዝ እስከ ዳሌው ቀዳዳ የላይ ጠርዝ ሳይሰበር መሄድ አለበት።

ተረኛው፦ ቀኙ ደህና ነው። ግራው ላይ ደረጃ ሠርቷል። ግን ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል አይደሉም፣ ግራው ጠበብ ይላል።

ካስማ፦ ተጣማ ነዋ የተነሳችው! አላልኩም?

ቀለሙ፦ እሺ ካስማ፣ አንድ ነጥብ ያዝ። ቢሆንም ድጋሚ ጨረር ለምን? አልትራሳውንድ ያጠራዋል። ዛሬ ማታ የምትሠራው ነገር የለም፤ በዚህ ሳምንት ግን የሕፃናት አጥንት ሐኪም ይያት። እግሯን በጉልበት ለመክፈት አትሞክር። እናትየዋም እግሯን አቅንታ ጥብቅ አድርጋ አትጠቅልላት።

የሁለት እናት፦ የኔዋም እንዲሁ ነበረች፣ በፓቭሊክ ማሰሪያ፣ እግሮቿን አጥፎና ከፍቶ በሚይዘው፣ ተመለሰላት። ደግሞ ሴትየዋን በር ላይ አታቁማት፣ አስቀምጠህ ንገራት።

መምህሩ፦ የጉልበቷስ ነገር? ተረኛው?