«የአንገት ሕመም አልታየም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጠያቂው፦ የድንገተኛ ሕክምና ቅጾች እያረምኩ ነው። ከመኪና አደጋ የመጣ ሰው ቅጽ ላይ «የአንገት ሕመም አልታየም» ይላል። ተጠይቆ አያመኝም አለ? ወይስ ማንም አላየውም? አንገቱ ይታሰር አይታሰር የሚወሰነው በዚህ ጭምር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፊደል ወዳድ፦ ሥሩን ተመልከት። በግእዝ ርእየ አየ ነው፤ ተርእየ ታየ፣ ተገለጠ። አስተርእዮ የምንለው በዓልም ከዚሁ ነው የመጣው። ስለዚህ ሕመሙ አልተገለጠም ማለት ነው። የተመልካች ጉዳይ አይደለም።

የድንገተኛ ነርስ፦ ሕመም እኮ አይታይም። እብጠት ይታያል፣ ላብ ይታያል፤ ሕመምን የሚናገረው ታካሚው ነው። ደረቱን ያመመው ሰው ሲመጣ ትንፋሽ ያጥርሃል? ሕመሙ ወደ ክንድህ፣ ወደ መንጋጋህ ይሄዳል? ብለን እንጠይቃለን። የለም ካለ የለም ማለቱም ይጻፋል፣ ምክንያቱም የሚረከበው ሐኪም ባዶ ቦታ ካገኘ ተጠይቆ ይሁን ሳይጠየቅ በምን ያውቃል? «የትንፋሽ ማጠር ይክዳል» ብለው የሚጽፉም አሉ።

ባለቅኔው፦ ይክዳል?! ክሕደት እያወቁ አላውቅም ማለት ነው። ጴጥሮስ ካደ የተባለው ጌታውን እያወቀ ነው። በሽተኛው ምን ደብቆ ነው የሚክደው? በግእዝ «አልቦ ሕማመ ክሳድ»፣ የአንገት ሕመም የለም፣ በሉና ገላገሉን።

ፊደል ወዳድ፦ የኔታ፣ አልቦ ላይ አልስማማም። ቦ በውስጡ አለ ነው። አልቦ ካሉ ሰውነቱን ራስዎ መርምረው እንደጨረሱ ነው የሚያስመስለው። የታካሚው ቃል የት ገባ?

ባለቅኔው፦ እኔ ግሥ ያወረድኩት ከመምህር እግር ሥር ነው፣ ከመዝገበ ቃላት አይደለም። አልቦ ይበቃል።

የድንገተኛ ነርስ፦ ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣስ? አይክድም፣ የለኝም አይልም። እዚያ «መጠየቅ አልተቻለም» ነው የሚጻፈው። ሰዓቱም አብሮ መጻፍ አለበት። ስትሮክ ላይ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ታካሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት ካልተጻፈ ሐኪሙ ከየት ተነስቶ ይቁጠር? «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እጁ አልደከመም ነበር» የምትል አንድ መስመር ብዙ ነገር ትወስናለች።

ጠያቂው፦ እሺ፣ የኔን ቅጽ ግን ለጻፈው ሰው ልመልሰው ወይስ ልለፈው?

ባለቅኔው፦ ቆይ፣ እህቴ «የታየበት» አለች። እዚህ ጋ ያየ ሰው አለ ማለት ነው። ተመልካች የለውም የተባለው ግሥ ተመልካች ከየት አመጣ?

ፊደል ወዳድ፦ «በት» ሰዓቱን ነው የያዘው የኔታ፣ ተመልካቹን አይደለም።