ከጅማ ለሚሄድ እንግዳ ምን እናስይዘው?

የውጭ አገር መምህራንና ሐኪሞች እዚህ ጥቂት ዓመት ሠርተው ሲመለሱ «ምን ይዘን እንሂድ?» ይላሉ። ለጠየቃችሁ ሁሉ የኔን ጥቆማ ይኸው።

አብዛኞቻችን የሚናፍቃቸው ዶሮ ወጥ ይመስለናል። አገራቸው ከገቡ በኋላ የሚያነሱት ግን ሽሮ፣ ፍርፍርና የጾም በያይነቱ ነው። ስለዚህ ሽሮና በርበሬ ይቅደም። የታሸገው ለጉዞ ይመቻል፤ በጣዕም ግን ባልትና ቤት የተዘጋጀውን አያህልም። የጤፍ ዱቄት አታሸክሟቸው። ጤፍ አሜሪካ አይዳሆ ውስጥም ይመረታል። በምትኩ ድርቆሽ አስይዟቸው፤ ቀላል ነው፣ ቶሎም አይበላሽም።

ቡናን በተመለከተ ግን አልደራደርም። ጅማ ኖሮ ቡና ከአዲስ አበባ ኤርፖርት መግዛት ያሳዝናል! ሂርማታ ገበያ ውጡ። ጀንፈሉ ደርቆ የተፈለፈለው የጅማ ቡና ወፈር ይላል፤ ጀበና ለለመደ ሰው እሱ ነው። የታጠበው የሊሙ ቡና ጠራ ያለ፣ ደስ የሚል ኮምጠጥ ያለ ጣዕም አለው፤ በማሽን ለሚያፈላ ይስማማል። ጥሬውን ስትገዙ ፍሬውን በጥርስ ሞክሩት። በደንብ የደረቀ ከሆነ ጠንካራ ነው፣ አይሰረጎድም። ከዚያ በመሄጃቸው ዋዜማ ቁሉት፣ ግን አትፍጩት። ተፈጭቶ የተጓዘ ቡና መዓዛው መንገድ ላይ ያልቃል።

ከማር ነጩ የጌተም ዛፍ አበባ ማር ነው፤ ለስላሳና ለሁሉም የሚስማማ። የግራዋው ጠቆር ብሎ ትንሽ ይመራል። እኔ ይኼኛውን እመርጣለሁ፣ የጫካው ጣዕም አለበት። ሰፈፉን አስጣሩና በደንብ በሚከደን ዕቃ አድርጉት። የእጅ ሻንጣ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያሳልፉም፣ ስለዚህ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቅዳሉ።

ቋንጣና ቅቤ ግን እዚያ አይገባም። ብዙ ሰው የለፋበትን የነጠረ ቅቤ ኤርፖርት ላይ ሲወስዱበት አንጀት ይበላል። ኮረሪማ (ከነቅርፊቱ)፣ የደረቀ ኮሰረት፣ በሶብላና አብሽ ስጧቸው። የሱፐርማርኬቱን ቅቤ በእነዚህ ካነጠሩት ሽሯቸው የኛን ይመስላል።

ጥሩ የማር ሻጭ ወይም ባልትና ቤት የምታውቁ ጨምሩበት።